አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት፦ በአሮጌ የመኝታ ሚኒባስ ላይ የኤሌክትሪክ ብልሽትን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

ቅዳሜ ንጋት ላይ ፍራሹ ተዘርግቶ፣ ማቀዝቀዣው ተሞልቶ፣ ልጆቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው፣ ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል ሚኒባስ ያጋጠመው ሰው ጥቂት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሌም ተመሳሳይ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ መኪናው ይገፋል፤ ሰኞ ዕለት መርካቶ ተወርዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ያው «ቀጭ» ይመለሳል።

እኔም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዝቻለሁ። አሮጌዎቹ ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የተገኘው ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነሥቶ ሻንሲው ላይ በሚታሰረው ገመድ ሥር ነው። መኪናው ቀለም ሲቀባ ብሎኑ የሚያርፍበት ብረት አብሮ ተቀብቶ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ቀለሙ በተጫረበት በጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። ያንን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም።

ስለዚህ ሳይለኩ ምንም አይግዙ፣ ምንም አይቀይሩ።

መመሪያው 12 ቮልት ለሆነ፣ በናፍጣ ለሚሠራ፣ ከኋላው አልጋ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ፓምፕና መብራት ለተገጠመለት አሮጌ ሚኒባስ ነው። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት የሚሰጡበት መኪና ካለዎት ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች አይሠሩልዎትም።

ከመጀመርዎ በፊት

እነዚህን ያዘጋጁ፦

• ዲጂታል ቴስተር፣ እስከ 10 አምፔር መለካት የሚችል
• 10፣ 12 እና 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ
• የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት
• ቤኪንግ ሶዳ፣ ሙቅ ውሃና ቫዝሊን
• የባትሪ ውሃ
• የላስቲክ ጓንትና የዐይን መከላከያ መነጽር
• ደብተርና እርሳስ፤ የተለካው ሁሉ ይጻፋል

የእጅ ሰዓትዎንና ቀለበትዎን ያውልቁ። በፖዘቲቭና በብረት መካከል የገባ ቀለበት በቅጽበት ይግላል፤ ጣትን እስከ አጥንት ያቃጥላል።

ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣዋል። በአቅራቢያው ሲጋራም ሆነ ሻማ አይለኩሱ፤ ውስጥ ቡታጋዝ ካለ ሲሊንደሩን ዘግተው በሮቹን ይክፈቱ። አሲድ ዐይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ገመድ ሲፈቱ ሁልጊዜ ኔጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፤ ሲያስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ ያድርጉት። የመኪናው አካል በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን በቁልፍ ሲፈቱ ቁልፉ አካሉን ከነካ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ ጋር ይገናኛል።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ባትሪዎች ለይተው ይወቁ

የመኝታ መኪና ሁለት የኤሌክትሪክ ሥርዓት አለው። አንደኛው የሞተር ባትሪ ነው፤ ሞተሪኖውን (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣውን)፣ የመኪናውን መብራትና ጥሩንባ ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው የቤት ባትሪ ነው፤ ማቀዝቀዣውን፣ ፓምፑንና የውስጥ መብራቱን ይመግባል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሪሌይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ያገናኛቸዋል፤ ሲጠፋ ይለያያቸዋል።

በደብተርዎ ላይ ሁለቱን ባትሪዎች፣ ሪሌዩን፣ ፊውዞቹንና እያንዳንዱ ወፍራም ገመድ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይሣሉ። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ሦስትና አራት ባለሙያ በየጊዜው እጁን አስገብቷል፤ የገመዱ ቀለም ምንም አይነግርዎትም። ቀይ ገመድ ኔጌቲቭ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። ገመዱን በእጅዎ እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው ይከተሉት።

ደረጃ 2፦ ቴስተር ሳይነኩ በዐይንና በእጅ ይፈትሹ

1. የባትሪውን ራሶች ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ገመዶቹን ይፍቱ፤ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበት። መፍላቱን ሲያቆም በውሃ ያጥቡ፤ ያድርቁ፤ እርሳሱ (ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው ራስ) እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ያሹት። የሶዳው ውሃ በባትሪው ክዳኖች በኩል ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ካሰሩት በኋላ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ከማሰርዎ በፊት አይደለም።

2. እያንዳንዱን ገመድ ከራሱ አጠገብ ያዝ አድርገው ያወዛውዙት። በእጅ የሚዞር ከሆነ ልቅ ነው።

3. የገመዱን ሽፋን ጫፍ ላይ ጫን ብለው ይዳስሱት። ውስጡ የበሰበሰ ገመድ እንደ አሸዋ ኮሽ ይላል። ሽፋኑን በቢላ ትንሽ ሰንጥቀው ሲያዩት መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ዓይነቱ ገመድ መብራት ያበራል፤ ሞተሪኖውን ግን አያዞርም። ብዙ ሰው «መብራቱ እየበራ እንዴት ባትሪ የለውም?» ብሎ የሚደናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የውስጡን ውሃ ይመልከቱ። ሰሌዳዎቹ ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ብቻ የባትሪ ውሃ ይጨምሩ፤ ቀሪውን ባትሪው ከተሞላ በኋላ ያሟሉ። የቧንቧ ውሃ አይጨምሩ። አሲድም አይጨምሩ፤ የሚተንነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ሲገዙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የባትሪ አሲድና የባትሪ ውሃ ጎን ለጎን ይሸጣሉና።

5. የዲናሞውን (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን) ቺንጋ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር እጅግ የበለጠ ከገባ ላልቷል። ከተሰነጠቀ ይቀየራል።

ደረጃ 3፦ በሦስት ጊዜ ይለኩ

አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ ትልቁ ስሕተት ነው። ባትሪ እንደ ሰው ነው፤ ተኝቶ፣ ሲሠራና ሲመገብ የተለያየ ነው። ቴስተሩን በ20 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ላይ ያድርጉ፤ ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቩ እርሳስ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ እርሳስ ላይ ያሳርፉ። በገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ልኬት፣ ባትሪው ሲያርፍ፦ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት በር ሳይከፈት ይለኩ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት ሩብ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ነው። ከ11.8 በታች ባዶ ነው። ባትሪው በደንብ ተሞልቶ ካደረ በኋላ 10.5 አካባቢ ካሳየ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣልና። ይህ ባትሪ ይቀየራል።

ሁለተኛው ልኬት፣ ሞተሪኖው ሲዞር፦ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እርስዎ ቁጥሩን ይመልከቱ። ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ሲያርፍ 12.6 ያሳየው ባትሪ አሁን ወደ 7 ወይም 8 ከወደቀ ባትሪው ደክሟል። ቁጥሩ ከ12 ሳይወርድ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብቻ ካለ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው እየደረሰ አይደለም ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተበላሽቷል። ወደ ደረጃ 4 ይሂዱ።

ሦስተኛው ልኬት፣ ሞተሩ ሲሠራ፦ ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርገው ያሠሩት። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ጥሩ ነው። ከ13.2 በታች ከሆነ ዲናሞው አይሞላም። ከ15 በላይ ከሆነ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ መኪናውን አይንዱት፤ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖሎችን ያቃጥላል።

የአየሩን ነገር አይርሱ። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የናፍጣ ሞተር ለመነሣት ብዙ መዞር ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ደግሞ ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪውም ይደክማል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ተለክቶ «ደህና ነው» የተባለ ባትሪ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሊያሳፍርዎት ይችላል። ልኬቱን በሚያስቸግርዎት ሰዓት ያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሪኩ የሚጠፋበትን ቦታ ይያዙት

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያድናል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሲዘለል አያለሁ።

1. ሞተሩ እንዳይነሣ የነዳጅ መዝጊያውን ሶኬት ይንቀሉ። ማርሹን ነጻ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይያዙ።

2. የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ፣ ጥቁሩን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ በሚታሰርበት ብሎን ላይ ያድርጉ። ገመዶቹ ከሚዞር ነገር መራቃቸውን ያረጋግጡ።

3. ሰው ቁልፉን ለሦስት ሰከንድ ያዙር። የሚያዩት ቁጥር በመንገድ የጠፋው ቮልት ነው። ከ0.5 መብለጥ የለበትም።

4. ሞተሪኖው እየዞረ ኔጌቲቩን በተመሳሳይ መንገድ ይለኩ፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ፣ ሌላውን ባልተቀባ የሞተር ብረት ላይ። ከ0.2 ወይም 0.3 በላይ ካሳየ ጥፋተኛው የኔጌቲቩ መስመር ነው።

5. ቁጥሩ ከፍ ካለ አንዱን ጫፍ ወደ ባትሪው እያቀረቡ በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ ይለኩ። ቁጥሩ በድንገት የሚወርድበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው።

ቴስተር በሌለበት ደግሞ እጅ ይሠራል። ሞተሪኖውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ካዞሩ በኋላ ቁልፉን አጥፍተው ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይዳስሱ። ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ አንዱ ብቻ ከሞቀ፣ ኤሌክትሪኩ እዚያ ጋ ሙቀት ሆኖ እየባከነ ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ይፍቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ ያሹ፣ መልሰው ያጥብቁ። ሞተሩንና ሻንሲውን የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ገመድ ከተበጠሰ ወይም ከጎደለ አዲስ ያሳስሩ። እሱ ሲጎድል ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫ ሽቦው እስኪግል ድረስ በእሱ በኩል ያልፋል።

ሁለቱም መስመሮች ንጹሕ ሆነው፣ 12 ቮልት ሞተሪኖው ድረስ ደርሶ አሁንም «ቀጭ» ካለ፣ ሞተሪኖው ወጥቶ ካርቦኑና የውስጥ መዳቦቹ ይታዩ። ይህ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

ደረጃ 5፦ ዲናሞው ካልሞላ

በቅድሚያ ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክቷ መብራት መብራቷን ያረጋግጡ። ሞተሩ ሳይነሣ መብራት፣ ከተነሣ በኋላ መጥፋት አለባት። ከመጀመሪያውም ካልበራች አምፖሏ ተቃጥላ ወይም ፊውዟ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ዲናሞው ሥራ እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው በዚያች መስመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። አንዲት አምፖል ጠፍታ ዲናሞ የተቀየረበት መኪና አውቃለሁ።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ከዲናሞው ወፍራም ብሎን እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለውን ኪሳራ ይለኩ። ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ከበለጠ ገመዱ ነው። ዲናሞው ራሱ ላይ 13 እንኳን የማይሞላ ከሆነ ካርቦኑ አልቆ ወይም ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ካርቦን መቀየር ከሙሉ ዲናሞ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚለውን ፍተሻ ማንም በመኪናዎ ላይ እንዲያደርገው አይፍቀዱ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ወደ ላይ ይዘላል፤ የዲናሞውን ዳዮድ፣ ሬዲዮውንና የማቀዝቀዣውን መቆጣጠሪያ በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ባትሪው የማይሞላበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ አነዳዳችን ነው። በሐምሌ ዝናብ ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በመጨናነቅ ውስጥ ሲጓዙ የፊት መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና ማራገቢያው በርተዋል፤ ሞተሩ ግን በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። የሚገባው ከሚወጣው እምብዛም አይበልጥም። ሳምንቱን በዚህ መልክ ያሳለፈ ባትሪ ዓርብ ማታ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ በሚሠራ ቻርጀር መሞላት አለበት። ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ (አምፔር ሰዓት የባትሪው የመያዝ አቅም ነው) 10 አምፔር ቻርጀር በቂ ነው፤ ባዶ ከሆነ ሌሊቱን በሙሉ ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ሌሊት የሚሰርቀውን ይፈልጉ

ባትሪው ማታ ሙሉ ሆኖ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ባዶ የሚገኝ ከሆነ የሆነ ነገር ሳይጠፋ እያደረ ነው።

1. ሁሉንም ያጥፉ፤ ቁልፉን ያውጡ፤ በሮቹን ይዝጉ። ሰላሳ ደቂቃ ይጠብቁ።
2. የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ።
3. የቴስተሩን ቀይ ገመድ ወደ 10 አምፔር ቀዳዳ ያዛውሩ። አንዱን ጫፍ በተፈታው ገመድ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ ያድርጉ።
4. ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ሰላም ነው። ከዚያ ካለፈ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን ይመልከቱ። ቁጥሩ ሲወድቅ ሌባው በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ነው።
5. ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ ገመድ ወይም የዲናሞው ዳዮድ ነው። የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ፈትተው እንደገና ይለኩ።

ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ቁልፍ አያዙሩ። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ በቴስተሩ ውስጥ ካለፈ የቴስተሩ ፊውዝ ወይም ቴስተሩ ራሱ ይቃጠላል። ሲጨርሱም ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ ወዲያው ይመልሱ።

0.5 አምፔር ትንሽ ይመስላል። በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሦስት ቀን ግማሹን ያጣል ማለት ነው። ሌባው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተጨመረ ነገር ነው፤ ሬዲዮ፣ የሌባ ማስጠንቀቂያ፣ ወይም ምንም ሳይሰካበት በርቶ የሚያድር ኢንቨርተር (12 ቮልቱን ወደ 220 የሚቀይር)።

ደረጃ 7፦ የቤት ባትሪው ችግሮች

ሪሌዩ፦ ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱንም ባትሪዎች ይለኩ። ሁለቱም 14 አካባቢ ከሆኑ ሪሌዩ ሠርቷል። የቤቱ ባትሪ 12.4 ላይ ቆሞ ከቀረ ሪሌዩ አላገናኛቸውም፣ ወይም በመካከሉ ያለው ትልቅ ፊውዝ ተቃጥሏል። በተቃራኒው ሞተሩ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላም ማቀዝቀዣው የሞተሩን ባትሪ አብሮ እየጠጣ ከሆነ ሪሌዩ ተጣብቋል፤ ይቀየር።

ገመዱ፦ «ማቀዝቀዣው ይነሣና ይጠፋል» የሚለው አቤቱታ በአብዛኛው የገመድ ነው። ማቀዝቀዣው ሊነሣ ሲል ቮልቱን በባትሪው ላይና በማቀዝቀዣው ሶኬት ላይ ይለኩ። ባትሪው 12.5፣ ሶኬቱ 11 ከሆነ ገመዱ ቀጭን ነው። አምስት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ማቀዝቀዣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ 5 አምፔር ቢስብ በደርሶ መልስ ከግማሽ ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፤ በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ግን 0.15 ብቻ። ለግድግዳ የሚሠራውን ነጠላ ሽቦ መኪና ላይ አይጠቀሙ፤ በመንቀጥቀጥ ብዛት ሽፋኑ ውስጥ ይሰበራል። ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተሠራ ለስላሳ ገመድ ይጠይቁ።

ፊውዙ፦ እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ገመድ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት ላይ ፊውዝ ይኑረው። 15 አምፔር ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ በ30 አይተኩት፤ ሽቦም አይጠምጥሙበት። ፊውዙ ብዙ ጊዜ እየነገረዎት ያለው ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት እንደነካ ነው። ሌሊት ልጆች የሚተኙበት መኪና ነው፤ በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም።

አቅሙ፦ ተራ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች አይውረድ። 100 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ ለእርስዎ 50 ነው። ኢንቨርተር 1000 ዋት ሲሰጥ ከባትሪው ከ90 አምፔር በላይ ይስባል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ለማፍላት መሞከር ባትሪውን መግደል ነው፤ ቡታጋዝ ወይም ከሰል ከመኪናው ውጭ ይጠቀሙ።

የቤቱ ባትሪ አልጋ ሥር ከተቀመጠ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ጋዙ በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ደረጃ 8፦ አሁን መግዛት ካለብዎት

ልኬቶቹ ሁሉ ባትሪውን ከከሰሱት ቴስተሩን ይዘው ወደ መርካቶ ይውረዱ። ሻጩ ፊት ይለኩ፤ ከ12.4 በታች የሚያሳይ «አዲስ» ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ የቆየ ነው፤ ሌላ ይጠይቁ። የፖዘቲቩ ራስ በየት በኩል እንዳለ ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ፤ በተቃራኒው ከሆነ ገመዱ አይደርስም፣ በስሕተት ቢታሰር ደግሞ ዲናሞው ይቃጠላል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ ሲገዙ በባትሪ ተሞክሮ እንዲታይዎት ይጠይቁ፤ ካልሠራ የመመለስ ስምምነቱንም በደረሰኝ ላይ ያጽፉ።

አሮጌውን ባትሪ ለሻጩ ወይም ለቆራሌው ከነአሲዱ፣ ቀጥ እንዳለ ያስረክቡ። ባትሪው እንዲቀልልዎት ብለው አሲዱን ቦይ ውስጥ አይድፉት፤ እርሳስ አለበት።

መንገድ ላይ ከቆሙ

ቁልቁል አንከባልሎ ማስነሣት ያጓጓል፤ በተለይ ቸርችል ጎዳና ላይ። አያድርጉት። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ የፍሬኑ አጋዥ አይሠራም፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከፊትዎ ሰው አለ። በሜዳ ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰው ግፊት ይሞክሩ። ማስነሻ ገመድ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው፦

1. የሚረዳዎት መኪና 12 ቮልት መሆኑን ይጠይቁ። ብዙ የጭነት መኪናዎች 24 ናቸው፤ የእርስዎን መኪና ያቃጥላሉ።
2. ቀዩን ገመድ መጀመሪያ በእርስዎ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በረጂው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ።
3. ጥቁሩን በረጂው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ ከባትሪዎ ራቅ ባለ ባልተቀባ የሞተርዎ ብረት ላይ ያድርጉ።
4. የረጂው ሞተር አምስት ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ የእርስዎን ያስነሡ።
5. ገመዶቹን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይንቀሉ፤ በመጀመሪያ ከሞተርዎ ብረት።

ከተነሣ በኋላ ማቀዝቀዣውንና ኢንቨርተሩን ያጥፉ፤ በቀጥታ ወደ ቤት ይንዱ፤ ማታውኑ ቻርጀር ላይ ያድርጉት፤ ጠዋት በር ሳይከፍቱ ከደረጃ 3 የመጀመሪያ ልኬት ይጀምሩ።